በቤንዚን የሚበር ትልቅ ሞዴል አውሮፕላን ባሕር ዳር ላይ ለመሥራት፦ የቱ ሞተር፣ የቱ ገላ፣ የቱ መነሻ?

ስለ ትልቅ ሞዴል አውሮፕላን አሠራር የሚጻፈው መመሪያ አብዛኛው ለሌላ አገር ሰው የታሰበ ነው። ባልሳ እንጨት ሲያዝዝ በሳምንቱ ለሚደርስለት፣ ሜዳው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ለማይል፣ ሞተሩ ቢበላሽ ለአምራቹ መልሶ ለሚልክ ሰው። ባሕር ዳር ተቀምጦ ያንን ምርጫ እንዳለ መቅዳት ገንዘብ ማቃጠል ነው። እዚህ አንዱን ከሌላው ስታወዳድሩ ሁለት ጥያቄዎች ከዋጋም ከውበትም ይቀድማሉ፦ ሲሰበር እዚሁ ከተማ ውስጥ ማን ያድሰዋል? 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየርስ ይሸከመዋል ወይ? ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ነው የሚመዘነው።

“ትልቅ” የምለው ምን እንደሆነ እንግባባ። አሜሪካኖቹ የትልልቅ ሞዴል ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ መለኪያ አለ፦ ነጠላ ክንፍ ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያንስ 80 ኢንች ወይም 2.03 ሜትር፣ ድርብ ክንፍ ከሆነ 60 ኢንች ወይም 1.52 ሜትር። በዚህ ጽሑፍ ለማነጻጸሪያ የምይዘው ፓይፐር ከብ የተባለውን ትንሽ የአሜሪካ አውሮፕላን አንድ አራተኛ ነው። እውነተኛው ጄ-3 ከብ ክንፉ 10.74 ሜትር ስለሆነ አንድ አራተኛው 2.68 ሜትር ይመጣል፤ ሲጠናቀቅ 8 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ከባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ ለመጫን ክንፉ ለሁለት መከፈል እንዳለበት ከወዲሁ አስቡት።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ

ይህን ከሞተሩ ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሰው የሌለበት በራሪ ነገር በአሁኑ ጊዜ በአማራ ክልል ሰማይ ላይ ሲታይ መጫወቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ለምን እንደሆነ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማው የአውሮፕላን ማረፊያ አለው፣ ማረፊያውም ሐይቁ ዳር ነው። ስለዚህ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ፣ ከዚያም የአካባቢው አስተዳደርና ፀጥታ እውቅና በእጃችሁ ሳይገባ አታብርሩ። የሬዲዮ መሣሪያውን ከውጭ የምታስገቡ ከሆነ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንንም ይመለከታል። ዕቃ ገዝቶ ጉምሩክ ላይ ከመቆም መጀመሪያ መጠየቅ ይረክሳል።

ፈቃዱ እስኪመጣ ሥራ አይቆምም። ገላውን መሥራት፣ ክንፉን መቁረጥ፣ ሰርቮ (በሪሞት ታዞ መሪዎቹንና ጋዙን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር) መግጠም ጎረቤት አይረብሽም። ሞተር አስሮ መሞከር ግን ድምፁ ስለሚያስደነግጥ ሰፈሩን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይፈልጋል።

ነዳጁን በተመለከተ

ሦስት መንገድ አለ። ግሎው የሚባለው ሞተር በሜታኖልና በናይትሮሜቴን ድብልቅ ይሠራል፤ ድብልቁ እዚህ አይገኝም፣ ከውጭ ማስመጣቱም ተቀጣጣይ ኬሚካል ማስመጣት ነው። ይህ ወጣ።

ኤሌክትሪክ እንዲህ በቀላሉ አይጣልም። ጸጥ ይላል፣ ገላውን በዘይት አያበላሽም፣ ካርቡሬተር የለው፣ ካንዴላ የለው። ችግሩ ባትሪው ነው። የ50 ሲሲ ሞተር ሥራ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሞተር ባለስድስት ሴል 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሁለት በተከታታይ ይፈልጋል። እያንዳንዳቸው 111 ዋት-ሰዓት ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከ100 እስከ 160 ዋት-ሰዓት ያለው ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣው መያዝ የሚችለው አየር መንገዱ ሲፈቅድለት፣ ያውም ከሁለት ሳይበልጥ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ተመላልሶ የሚያመጣላችሁ ባትሪ ለአንድ በረራ የሚሆን ብቻ ነው ማለት ነው፤ ሲያብጥ ደግሞ እንደገና ሌላ መንገደኛ መፈለግ። መብራት በሄደ ቁጥር ቻርጁ እንደሚቋረጥ አልጨመርኩም።

ቤንዚን ቢያንስ አገር ውስጥ ያለ ነገር ነው። ማደያ በጀሪካን አልቀዳም ሊላችሁ ይችላል፤ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ከራሱ ሰልባትዮ ጥቂት ቢቀንስ ግን ይበቃዋል። 55 ሲሲ ሞተር እንኳ ጋዙን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ስታበሩት በደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚጠጣው፤ አንድ ሊትር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ለአንድ ሊትር ቤንዚን 33 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ጨምሩ፤ ይህ 30 ለ 1 ነው፣ ሞተሩ አዲስ ሳለ ደኅናው መጠን። ለአራት ምት ባጃጅ የሚሸጠው ዘይት እዚህ አይገባም፤ ከቤንዚን ጋር ተቃጥሎ እንዲያልቅ የተሠራ ስላልሆነ ካንዴላውን በጥላሸት ይደፍነዋል።

ሞተር፦ ተሠርቶ የመጣ ወይስ ከሣር ማጨጃ የተነቀለ?

ዋናው ምርጫ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከራከርበትም ይኸው።

በአንድ ወገን ለሞዴል አውሮፕላን ተብለው የተሠሩ ሞተሮች አሉ፦ ዲኤልኢ፣ ዲኤ፣ ዜኖዋ እና ሌሎችም። በሌላው ወገን ደግሞ በትከሻ የሚያዘው የቻይና ሣር ማጨጃ፣ ባለ43 ወይም ባለ52 ሲሲ፣ የእርሻ መሣሪያ መሸጫ ሄዶ በብር የሚገዛ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚገዛውና በብር የሚገዛው መካከል ያለው ርቀት ስለሰፋ ዓይን ሁሉ ወደ ሣር ማጨጃው መዞሩ አይገርምም።

ሲሲው ግን አያታልላችሁ። ባለ52 ሲሲ ሣር ማጨጃ ሳጥኑ ላይ የሚጻፍለት ጉልበት ብዙ ጊዜ ከ1.4 እስከ 1.9 ኪሎዋት ነው፤ ወደ ፈረስ ጉልበት ሲመለስ ከ2 እስከ 2.5 ገደማ። ዲኤልኢ-55 በተመሳሳይ ይዘት 5.5 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ይላል አምራቹ፤ ክብደቱም ያለ ማርሚታ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። የአምራች ቁጥር ትንሽ እንደሚነፋ ብናስብ እንኳ ልዩነቱ እጥፍ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የማጨጃው የአየርና የጭስ ቀዳዳዎች የተቆፈሩት ለጽናትና ለትንሽ ፍጆታ እንጂ ለጉልበት አይደለም፣ በዚያ ላይ ቮላኖው ላይ የተተከለው ማግኔት እሳት ለመስጠት ከባድ ብረት ይዞ ይዞራል። ክላቹን፣ የገመድ ማስነሻውን፣ የፕላስቲክ ሽፋኑን ብትነቅሉለትም ቮላኖው አፍንጫው ላይ ይቀራል፤ አፍንጫ ላይ የቀረ ክብደት ደግሞ ጭራ ላይ ሌላ ክብደት ካልጠራ በስተቀር ሚዛን አይገኝም።

ታዲያ ለምን አልጣልኩትም? ምክንያቱም ሲበላሽ የሚጠገን እሱ ነው። ፒስቶኑ፣ ፋሻው፣ ኩሽኔታው፣ የካርቡሬተሩ ስስ ጎማ ሁሉ ከገበያ ይገኛል፤ ባይገኝ ሌላ ማጨጃ ገዝቶ ማራገፍ ይቻላል። የመጣው ሞተር ግን የኤሌክትሮኒክ እሳት ሰጪ ሳጥኑ ቢቃጠል ቀጣዩ እስኪደርስ አውሮፕላኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ማጨጃውን ከመረጣችሁ የምትፈልጉት ጥሩ ቶርኖ ቤት ነው። ሥዕል ይዛችሁ አትሂዱ፤ “ናሙና አምጣ” ነው የሚባለው፣ እውነትም አላቸው። ክራንክ ሻፍቱ ቮላኖው በሚቀመጥበት ጎን ሾጣጣ ነው፣ ሃቡም፣ ማለትም ፕሮፔለሩ የሚታሰርበት ቁራጭ፣ ያንን ሾጣጣ በትክክል መጉረስ አለበት። ስለዚህ ሞተሩን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱና “ጋሼ፣ ቮላኖው እንደተቀመጠው አድርገው ይሥሩልኝ” በሏቸው። ሲያልቅ ሃቡን ገጥማችሁ፣ ካንዴላውን ፈታችሁ በእጃችሁ አዙሩት፤ ጫፉ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ሲወላወል ኮምፓራተሩ (የቶርኖ ቤቱ ባለሰዓት መለኪያ) ካሳየ አትቀበሉ። ያቺ የምትናቅ ወልጋዳነት ፕሮፔለሩ በደቂቃ ከ6,000 ዙር በላይ ሲዞር የሰርቮውን ጥርስ ትበላለች፣ ብሎን ታላላለች፣ በመጨረሻም የሞተሩን መቀመጫ ትሰነጥቃለች። ከዚያ በፊት ደግሞ ሞተሩ ወደየት እንደሚዞር እዩ፦ ሃቡን ከቮላኖው በተቃራኒ ባለው ጎን ካስቀመጣችሁት ፕሮፔለሩ በተቃራኒ ሊዞር ይችላልና ተራው ፕሮፔለር አይሠራላችሁም።

ማስነሳቱም ይለያያል። የመጣው ሞተር በባትሪ እሳት ስለሚሰጥና ሲነሳ እሳቱን ስለሚያዘገይ ፕሮፔለሩን መታ ሲያደርጉት ይነሳል። ማግኔቱ ግን በፍጥነት ካልተሽከረከረ እሳት አይሰጥም፤ ስለዚህ ከበድ ያለ ምት ይፈልጋል። ለሁለቱም ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ከኋላ አውሮፕላኑን የሚይዝ ሰው፣ ከፕሮፔለሩ ፊትና ጎን ማንም አለመቆሙን ማየት። ሕፃናት የሚሰበሰቡበት ሰፈር ከሆነ አታስነሱት።

የኔ ፍርድ፦ የመጀመሪያ አውሮፕላናችሁ ከሆነና ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ የመጣውን ሞተር ግዙ። ከአንድ ትልቅ አንድ መለስተኛ ከትርፍ እሳት ሰጪ ሳጥን ጋር ይሻላል። አዲስ፣ ነዳጅ ገብቶበት የማያውቅ መሆኑን ከነማሸጊያው አረጋግጡ፤ ቤንዚን የሸተተ ሞተር አውሮፕላን ላይ እንደ አደገኛ ጭነት ነው የሚታየው። የምትማሩት መብረሩን ሳይሆን መካኒክነቱን ከሆነ፣ ወይም የፖሊ ተማሪዎች ሆናችሁ ወርክሾፕ በእጃችሁ ካለ፣ ማጨጃው የተሻለ ትምህርት ቤት ነው።

ስንት ሲሲ?

ስሱ አየር ሂሳቡን የሚያስከፍለው እዚህ ነው። በባሕር ዳር ከፍታ፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲደርስ፣ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ ጥግግት ወደ 77 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ።

ብዙ ሰው “እንግዲያው ፕሮፔለሩን እናሳድገው” ይላል። አይሠራም። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበትና የፕሮፔለሩ ጭነት በእኩል ነው የሚወርዱት፤ ስለዚህ ሞተሩ በዚያው ፕሮፔለር ከሞላ ጎደል በዚያው ዙር ይዞራል፣ የሚገፋው ኃይል ብቻ በሩብ ገደማ ያንሳል። አምራቹ 22 በ8 (ርዝመቱ 22 ኢንች፣ በአንድ ዙር የሚጓዘው 8 ኢንች) ካለ 22 በ8 ግጠሙ። የጎደለውን የሚተካ ትልቅ ሞተር ወይም ቀላል ገላ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

ዲኤልኢ-20 አምራቹ 2.5 የፈረስ ጉልበት ይለዋል፤ እዚህ ወደ 1.9 ይወርዳል። ለ8 ኪሎ ከብ ይህ ማንሳት ያነሳል፣ ግን ከመሬት ለመላቀቅ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ባለ30 ሲሲው 3.7 ተብሎ 2.9 ገደማ ይቀረዋል፤ ለአንድ አራተኛ ከብ በልክ የተሰፋ ነው፣ ያለ ብዙ ማመንታት እሱን ውሰዱ። 55ው 4.2 አካባቢ ይቀረዋል። ለዚህ መጠን ይበዛል፤ ክንፉን ወደ 3 ሜትር ካሳደጋችሁ ወይም ከውኃ ላይ ለመነሳት ካሰባችሁ ግን እሱ ነው።

ማረፊያውንም አትርሱ። ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 35 ኪሎሜትር ላይ መሸከም የሚያቆመው ክንፍ እዚህ 40 ላይ ነው የሚያቆመው። ልዩነቱ በዓይን ትንሽ ይመስላል፤ መሬት ሲነካ የሚያርፍበት ጉልበት ግን ወደ 30 በመቶ የበለጠ ነው። የማረፊያ እግሩን ሽቦ እቅዱ ላይ ከተጻፈው አንድ ደረጃ አወፍሩት።

ስለ ካርቡሬተሩ አንድ ነገር። ሞተሩ ላይ “ኤል” እና “ኤች” የተጻፈባቸው ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ የመጀመሪያው ሚኒሞውን፣ ሁለተኛው ሙሉ ጋዙን ይመግባል። ሁለቱንም ቀስ ብላችሁ ዝጉና አንድ ዙር ተኩል ክፈቱ። ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ “ኤች”ን በሰዓት አቅጣጫ በጥቂቱ፣ በሩብ ሩብ ሳይሆን በስምንተኛ ዙር፣ አጥብቡ። ድምፁ ከሚንገራገር ወደ ጥርት ያለ ጩኸት ይለወጣል፤ ዙሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ ወደኋላ መልሳችሁ ተዉት። ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ የተቆላ ቡና ቀለም ይዞ ከተገኘ ልክ ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ሞተሩ እየነደደ ነው። አዲስ አበባ የተስተካከለ ሞተር ይዞ የመጣ ሰው ይህን ሳያደርግ እንዳያበር፦ 2,350 ሜትር ላይ ልክ የነበረው እዚህ፣ አየሩ ወፈር በሚልበት፣ ነዳጅ ያንሰዋልና ከመጠን በላይ ይግላል።

ገላው፦ ባልሳ፣ ፎም፣ ቀርከሃ

ባልሳ ላይ የተሠሩ እቅዶች ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም ባልሳ በአንድ ሜትር ኩብ 160 ኪሎ ገደማ ብቻ የሚመዝን፣ በቢላ የሚቆረጥ እንጨት ነው። አብዛኛው ከኢኳዶር ይመጣል። እኛ ጋ የለም። ከውጭ ማስመጣቱ ይቻላል፤ ግን አንድ ጊዜ ክንፉ ከተሰበረ በኋላ ለጥገና የሚሆን አንድ ጠፍጣፋ ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ባልሳን ውበቱን እያደነቅኩ የማልመክረው።

በአገር እንጨት ልተካው የሚል አለ። ዋንዛ ቆንጆ እንጨት ነው፣ ለአናጺ ይታዘዛል፤ ግን ከባልሳ በሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ባሕር ዛፍ ከዚያም ይብሳል። ዋንዛን ለሞተሩ መቀመጫና ለማረፊያ እግሩ መያዣ ብቻ ተጠቀሙበት፤ እዚያ ክብደቱ ጥቅም አለው። ደንገልስ? የታንኳውን ቅለት አይቶ ያልተመኘው ሞዴል ሠሪ ጣና ዳር የለም። ውኃ እየጠጣ የሚከብድ፣ ፀሐይ ላይ መሰጣት ያለበት ነገር ግን ለክንፍ አይሆንም።

የሚቀረው ፎም ነው፤ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው። ለከቡ 2.68 ሜትር ክንፍ፣ ወርዱ 40 ሳንቲሜትር ሆኖ፣ የሚያስፈልገው ፎም 35 ሊትር ያህል ነው። ለግንባታ የሚሸጠው ነጩ ፎም በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ቢመዝን የሙሉ ክንፉ እምብርት 700 ግራም ይመጣል። ጠንካራው ባለቀለሙ ፎም ከወሰዳችሁ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያልፋል፤ እሱ ለጭራና ለክንፍ ጫፍ ይሁን።

መቁረጫው ትኩስ ሽቦ ነው። የምጣድ ጥገና ቤት ሄዳችሁ ሽቦ ጠይቁ፤ ከምጣዱ ወፍራም ሽቦ ይልቅ የትንሿ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ቀጭን ሽቦ ይሻላል። ጥቅልሉን አፍታቱ፣ በቀርከሃ ቀስት ላይ ወጥሩት፣ ከ12 እስከ 24 ቮልት በሚሰጥ፣ ከመስመሩ የተነጠለ ትራንስፎርመር አግሉት። ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ አታገናኙት፤ ይገድላል። የክንፉን ቅርጽ ከላሜራ ወይም ከፎርማይካ ሁለት ቆርጣችሁ በፎሙ ሁለት ጫፍ ላይ በሚስማር አስቀምጡና ሁለት ሰው ሆናችሁ ሽቦውን በቅርጹ ላይ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሽቦው ሲቀላ ካያችሁ በጣም ግሏል፣ ፎሙን ገደል ያደርገዋል። ትክክለኛው ሙቀት ላይ ሽቦው ቀለሙን አይለውጥም፤ ከኋላው የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር እየተወ ያልፋል። በር ክፈቱ፣ ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ማጣበቂያ ላይ ተጠንቀቁ። ማስቲሽ ፎሙን ይበላዋል። የፋይበር ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ፖሊስተር ሬዚንም እንደዚሁ። ደኅናዎቹ የአናጺ ነጭ ኮላና ኤፖክሲ ናቸው። ቤንዚንም ራሱ ፎም ያቀልጣል፤ ስለዚህ ሰልባትዮውና ሞተሩ ያሉበት የፊት ክፍል ከኮምፔንሳቶ ተሠርቶ ውስጡ በሙሉ ኤፖክሲ ይቀባ። የነዳጅ ቱቦውም ቤንዚን የሚችል ይሁን፤ ሲሊኮን ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላሽቃል።

ፎም ብቻውን ይታጠፋል፤ አጥንት ይፈልጋል። እዚህ ነው ቀርከሃ የሚገባው። ከአዊ፣ ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው የደጋ ቀርከሃ ለክንፍ አጥንት ግሩም ነው፦ ሰንጥቃችሁ የውጩን ጠንካራ ቅርፊት ብቻ ወስዳችሁ ከላይና ከታች ፎሙ ውስጥ አስገቡት፣ በመካከላቸው ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ቀጭን ድር። በደንብ ያልደረቀና ነቀዝ የበላው እንዳይሆን ብቻ አይታችሁ ምረጡ። ሁለቱን ክንፍ የሚያያይዘውን ቧንቧ ከአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ ቤቶች ትርፍራፊ ታገኛላችሁ፤ ያ አሉሚኒየም ግን ለስላሳ ስለሆነ ወፈር ያለውን ግድግዳ ምረጡ፣ ለአክሮባት አውሮፕላን አትመኑት።

ልብሱ ከውጭ የሚመጣ ልጥፍ ፊልም ሊሆን ይችላል። የልብስ ሰፊዎች ፖሊስተር ፎደራም በካውያ ሲነካ ይወጠራል፤ በኮላ አጣብቃችሁ፣ በካውያ ወጥራችሁ፣ ማድረቂያ የሚቀላቀልበት የመኪና ቀለም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ፎሙ በቀጥታ ቀለም እንዳይነካው ፎደራው ከመምጣቱ በፊት ቡናማ ወረቀት በቀጠነ ኮላ አልብሱት። እኔ ዓይኔን የማሳርፈው በዚህ ላይ ነው፤ ቢቀደድ የሚሰፋው ቅዳሜ ገበያ ባለው ዕቃ ነው።

ቅርጹ

ላይ ክንፍ ያለው፣ ዝግ ብሎ የሚበር፣ እንደ ከብ ወይም ቴሌማስተር ያለ፦ የመጀመሪያው ይህ ይሁን። ኤክስትራ 300ን የመሰለ አክሮባት በዩቲዩብ ያስቀናል፣ ግን ስስ አየር ውስጥ ሲያርፍ ይቸኩላል፣ ቀርከሃና ፎምም አይሸከመውም። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዷት ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችውን ፀሐይ የተባለች አውሮፕላን አሳንሶ መሥራት የብዙዎቻችን ምኞት ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ መጀመር ይቻላል፤ ከብ አብርራችሁ ካረፋችሁ በኋላ።

ሪሞትና ሰርቮ

እዚህ ብዙ ምርጫ የለም። 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞት፣ ለ30 ሲሲ ቢያንስ 10 ኪሎ-ሳንቲሜትር፣ ለ55 ደግሞ 15ና ከዚያ በላይ የሚጎትት ባለብረት ጥርስ ሰርቮ። ሪሲቨሩን (የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለውን) ከእሳት ሰጪው ሳጥን ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር አርቁ፣ ባትሪያቸው ለየብቻ ይሁን። የጋዝ ዘንጉ ከብረት ሳይሆን ከፕላስቲክ ወይም ከቀርከሃ ይሁን፤ ብረት ከሞተሩ ጣልቃ ገብ ሞገድ ይዞ ይመጣል። ሞተሩን ከሪሞት የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ያለ ድርድር። ሲግናል ሲጠፋ ጋዙ ወደ ሚኒሞ እንዲወርድ ማስተካከሉንም አትዝለሉ።

ከመሬት ወይስ ከጣና?

ጣና ዳር ሆኖ ስለ ውኃ መነሻ ያላሰበ ሰው የለም። ወለሉ ሰፊ ነው፣ ድንጋይ የለው፣ ከብት የለው። ግን ሂሳቡን እዩ። 10 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን ሁለቱ መንሳፈፊያዎቹ ተደምረው ከ18 እስከ 20 ሊትር መሆን አለባቸው፤ ርዝመታቸው የገላውን ሦስት አራተኛ ያህል፣ ከሥራቸው ያለው ደረጃ ከሚዛን ነጥቡ ትንሽ ኋላ። እነሱ ራሳቸው ከአንድ ኪሎ በላይ ይጨምራሉ። ውኃው አውሮፕላኑን ይይዘዋል፤ ለመላቀቅ ከመሬት ይልቅ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ በሩብ የቀነሰ ግፊትና ከፍ ያለ መነሻ ፍጥነት አንድ ላይ የሚያስቸግሩት እዚህ ነው። 30 ሲሲ ከውኃ ላይ ለመነሳት ሊቸገር ይችላል። 55 ያላችሁ ብቻ አስቡት።

ሞተሩ መካከል ላይ ቢጠፋ አውሮፕላኑን የሚያመጣ ጀልባና ሰው አስቀድሞ መኖር አለበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ዓሣ አጥማጁን “አያ፣ ይህችን አምጡልኝ” ብሎ በታንኳ ወደዚያ መላክ አይገባም። ሐይቁ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፣ ዳርቻው በወፍ የተሞላ ነው፣ የከተማው ሰው ኑሮም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን የያዘ ሰልባትዮ ውኃ ውስጥ የሚፈነዳበትን ነገር ባይሞክሩት ይመረጣል። የኔ ምርጫ መሬት ነው።

መሬቱን በተመለከተ፣ ለ8 ኪሎ አውሮፕላን 100 ሜትር ያህል ደልዳላ መንደርደሪያ፣ በሁለቱም ጫፍ ዛፍና የመብራት ሽቦ የሌለበት። የፎገራ ሜዳ ሩዙ ከታጨደ በኋላ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ሰፊ ነው፤ ከፈቃዱ ጋር የባለመሬቱንም ፈቃድ ያዙ፣ የታጨደው ግንድ ለትንሽ ጎማ እንቅፋት ስለሆነ ጎማውን ከ12 ሳንቲሜትር አታሳንሱ። በበጋ ጠዋት አየሩ ይረጋል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል፣ ወደ ከሰዓት ደግሞ ይበረታል። አዲስ አውሮፕላን ከማለዳው አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ባለው ጊዜ ብቻ ይፈተሽ። ጭልፊቶችና ጥንብ አንሳዎች ሙቀቱን ተከትለው የሚወጡትም ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሰማዩ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው።

የግዢ ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፦ ሞተሩ እጃችሁ ሳይገባ የገላውን ፊት አትዝጉ። የሞተሩ ርዝመት፣ የካርቡሬተሩ አቅጣጫና የማርሚታው መውጫ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያሉ፤ የሚዛን ነጥቡ ከክንፉ ወርድ ከ25 እስከ 30 በመቶ ላይ እንዲወድቅም የሞተሩን መቀመጫ በሴንቲሜትሮች ማንቀሳቀስ ሊያስፈልግ ይችላል። እስከዚያ ክንፉን፣ ጭራውንና የኋላውን ገላ ጨርሱ፤ ከፊት ያለውን ኮምፔንሳቶ በብሎን ብቻ አስራችሁ ጠብቁ።